የለካነው ዝርያውን ነው ወይስ መሬቱን?

ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቃሉ ወረዳ ተዳፋት ላይ በተሠራ አንድ እርከን ውስጥ ከላይኛው ካብ ሥር ተነሥቶ እስከ ታችኛው ካብ አፋፍ ድረስ የተራመደ ሰው ሃያ እርምጃ ሳይሞላው ሁለት ዓይነት መሬት ረግጦ ይወጣል። ከላይኛው ካብ ሥር ያለው ክፍል አፈሩ በጎርፍና በማረሻ ተጠርጎ የወረደበት፣ ጠጠሩ የወጣና እርጥበት የማይዝ ነው፤ ወደ ታችኛው ካብ ሲጠጉ ግን ለዓመታት ከላይ የወረደው አፈር በካቡ ተገድቦ ስለተጠራቀመ መሬቱ ጥልቅና ጥቁር ይሆናል። አንድ ዓይነት ማሽላ በአንድ ቀን ተዘርቶ፣ በአንድ እጅ ታርሞ፣ ከላይ ወገብ ሲደርስ ከታች ሰው ይሸፍናል። ለዚያ አገር ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማሳው ውስጥ የቱ ጋ ምን እንደሚበቅል እንደ ቤቱ ያውቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው በዚህ ማሳ ላይ አንድ አዲስ ዝርያ ከነባሩ ጋር እናወዳድር ብለን ስንነሣ ነው። አዲሱን ከታች፣ ነባሩን ከላይ ብንዘራ አዲሱ ያሸንፋል፤ ብንገለብጠው ነባሩ ያሸንፋል። በሁለቱም ጊዜ ሚዛኑ አልዋሸም፣ መዝገቡም በትክክል ተጽፏል፤ የተመዘነው ግን አፈሩ ነው። የሰብል ማሻሻያ ተመራማሪዎች የማሳ ሙከራ ንድፍ የሚሉት ሙያ ያረፈው በዚህች ነጥብ ላይ ነው፦ መሬቱ በዝርያው ስም እንዳይመሰክር ማድረግ።

ይህን በቅጡ የገባኝ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በረዳትነት በሠራሁበት በመጀመሪያው ክረምት ነው። ሦስት የማሽላ ዝርያዎችን ለማወዳደር መደቦቹን ከላይኛው ካብ ወደ ታችኛው ካብ ደረደርናቸው፤ ድግግሞሹ አራት ነበር፣ ቅደም ተከተሉ ግን በአራቱም አንድ ነው፦ ነባሩ ከላይ፣ ሁለተኛው ከመሐል፣ ተስፋ የጣልንበት አዲሱ ዝርያ ከታች። በአጨዳው ወቅት አዲሱ በሰፊ ልዩነት በለጠና ደስ አለን። የማሳው ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ግን ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ አዲሱን ዘርህን ከካቡ አፋፍ አስቀምጠኸው ምን ሊሆን ነበር? እዚያ ድንጋይ ብትዘራም ይበቅላል» አሉኝ። አፍሬ፣ «አባቴ፣ አንቱ ቢሆኑ የት ያደርጉት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሦስቱንም ጎን ለጎን፣ ከካቡ እኩል አርቄ» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት እንዳሉት አደረግን፤ አዲሱ ዝርያ ያን ጊዜም አልተሸነፈም፣ ልዩነቱ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። የመጀመሪያው ዓመት ድካምና ገንዘብ በማንኛውም ስሌት ሊመለስ አልቻለም፤ የአፈሩና የዝርያው ውጤት አንድ ላይ ተቋጥሮ ስለነበር የሚፈታው ሒሳብ የለም። ንድፍ ከዘር በፊት የሚታሰበው ስለዚህ ነው።

ተዳፋት የሌለው ሜዳ ማሳስ? የቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳ ያየ ሰው እዚያ ሁሉም እኩል ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በእንግሊዝ አገር በሮትሀምስተድ የምርምር ጣቢያ መርሰርና ሆል የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተሙት ሥራ ይህን ግምት ፈትሸውታል። ለዓይን ወጥ የሚመስል የአንድ ኤከር የስንዴ ማሳ መርጠው፣ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ እያለ፣ በ500 ትናንሽ መደቦች ከፋፍለው እያንዳንዱን ለየብቻው አጭደው መዘኑ። አነስተኛው መደብ 2.73 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 5.16 ፓውንድ ፍሬ ሰጠ፤ ማለትም በአንድ ዝርያ ውስጥ ብቻ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ልዩነት ተገኘ። በእኛ ማሳዎች ላይ ደግሞ የቀድሞ የከብት በረት የነበረበት ቦታ፣ የፈረሰ ኩይሳ፣ ከቤት አመድና ፍግ የሚደፋበት የጓሮ ጠርዝ፣ ውኃውን የሚሻማ የባሕር ዛፍ ረድፍ ይጨመራሉ። ወጥ ማሳ ፍለጋ መሄድ መልካም ነው፤ ተገኘ ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ወደዚያው ወደ ሮትሀምስተድ ሲመጣ፣ ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ በብሮድባልክ ማሳ ላይ የሰበሰበው የረጅም ዘመን የስንዴ መዝገብ ነበረው። ማዳበሪያዎቹ የተሰጡት ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ረጅም መደብ ላይ ብቻ ስለነበር፣ በሁለት መደቦች መካከል የታየው ልዩነት ከማዳበሪያው ይሁን ከመደቡ አፈር ለይቶ የሚናገር ነገር አልነበረም። ፊሸር በ1920ዎቹ ውስጥ ያደራጀው ሐሳብ ዛሬም በየምርምር ጣቢያው የምንሠራበት ነው፦ እያንዳንዱን ዝርያ ደጋግሞ መዝራት፣ ተመሳሳይ መሬት ያላቸውን መደቦች በአንድ ብሎክ ማሰባሰብ፣ በብሎኩ ውስጥ የትኛው ዝርያ የት እንደሚያርፍ በእጣ መወሰን። ሽማግሌው «ከካቡ እኩል አርቄ» ያሉት ብሎክን ነው።

የብሎክን ጥቅም በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። ከካቡ ትይዩ የሆኑ አራት ብሎኮች ከላይ ወደ ታች አሉን እንበል። ነባሩ ዝርያ ከላይኛው ብሎክ ጀምሮ 22፣ 27፣ 33 እና 38 ኩንታል በሄክታር ሰጠ፤ አዲሱ በዚያው ቅደም ተከተል 26፣ 30፣ 38 እና 42 ሰጠ። አማካያቸው 30 እና 34 ስለሆነ ልዩነቱ 4 ኩንታል ነው። ብሎኩን ረስተን ስምንቱን ቁጥር በሁለት ክምር ብንከምር፣ ነባሩ ራሱ ከ22 እስከ 38 የሚዋዥቅ ሆኖ ሳለ የ4 ኩንታል ልዩነት ምን ሊያሳምን ይችላል? በስሌት ሲታይ ይህ ልዩነት አምስት ኩንታል ያህል ወዲህና ወዲያ ሊወዛወዝ የሚችል ነውና ምንም አልተረጋገጠም። በየብሎኩ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ ስናቀናንስ ግን 4፣ 3፣ 5 እና 4 እናገኛለን። አሁን የመወዛወዙ መጠን ወደ 0.4 ኩንታል ይወርዳል፤ አንዲት ኪሎ ፍሬ ሳትጨመር፣ አንድም መደብ ሳይታከል፣ ያው መረጃ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ ጠራ። ከላይ እስከ ታች ያለው የ16 ኩንታል ግድም ልዩነት የብሎኮቹ ስለሆነ ለብቻው ተነሥቶ ወጥቷል። በተግባር እንዲህ ያማረ ውጤት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ብሎኩን ከላይ ወደ ታች ተዳፋቱን ተከትሎ ያስረዘመ ሰው ግን ከዚህ ጥቅም ምንም አያገኝም፤ የልዩነቱ ዋና ክፍል እዚያው በብሎኩ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ ብሎክ ከመቀየሱ በፊት በማሳው መሄድ፣ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ማየትና ባለቤቱን መጠየቅ የሥራው ግማሽ ነው።

እጣው ለብዙ ሰው ግራ ይሆናል። «ዝርያዎቹን አፈራርቄ ብዘራቸው አይበቃም? እጣ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎችም ከልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ሰምቻለሁ። መልሱን የወሎ ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ድርሻው በሽማግሌ ተመዝኖ ከተከፈለ በኋላ ማን የቱን እንደሚወስድ በእጣ ይለያል፤ ታላቁ ለሙን መረጠ፣ ሽማግሌው ለእከሌ አደላ የሚል ቅሬታ እንዳይነሣ። በሙከራም እንዲሁ ነው፤ ተመራማሪ ለአዲሱ ዝርያ ሳያውቀው ያደላል፣ ዓይኑ የተሻለውን መደብ ይመርጥለታል። አፈራርቆ መዝራትም አያድንም፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከነባሩ በስተቀኝ ካረፈ፣ እርጥበቱም ከግራ ወደ ቀኝ የሚጨምር ከሆነ፣ አድልዎው በየብሎኩ እየተደመረ ይሄዳል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ምክንያትም አለ። እጣ ዕድልን ባያጠፋትም የምትለካ ያደርጋታል። በአራት ብሎኮች ሁለት ዝርያዎችን በእጣ ስንደለድል፣ አዲሱ በአራቱም ብሎክ በተሻለው ጎን የማረፉ ዕድል ከ16 አንድ ነው። በስድስት ብሎክ ቢሆን ከ64 አንድ ይሆናል። መደቡን በእጃችን ብንመርጥ ኖሮ እንዲህ ያለ ቁጥር መጥራት አንችልም ነበር፤ የሰው ምርጫ የታወቀ ዕድል የለውምና። የስታቲስቲክስ ስሌቶች «ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የሚችለው ከሃያ ጊዜ አንዴ ነው» ብለው የሚናገሩት ከዚያች ከስኒ ውስጥ ከምትወጣ የተጠቀለለች ወረቀት በወረሱት ሥልጣን ነው። ዛሬ እጣውን ኮምፒውተር ያወጣዋል፤ እኔ ግን ገበሬዎች ባሉበት ሲሆን ወረቀቱን በቡና ስኒ ውስጥ አድርጌ አንድ ልጅ እንዲያወጣ ማድረግ እወዳለሁ፤ ውጤቱን በኋላ ሁሉም ያምነዋል። በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሲሠራ የገብስ ሙከራዎችን ይመራ የነበረው ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1937 እስኪሞት ድረስ በጥንቃቄ የተመጣጠነ አቀማመጥ ከእጣ ይሻላል ብሎ ከፊሸር ጋር ተከራክሯል፤ ማሳውን አሳምሮ ለሚያውቅ ሰው ክርክሩ ክብደት ነበረው። በእኔ ግምት ግን ማሳውን እንደ እሱ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እጣ ለሁላችንም ይሠራል።

ድግግሞሽን በተመለከተ በጣም የተለመደው ስሕተት አንዱን መደብ አራት ቦታ ከፍሎ መዝኖ «አራት ድግግሞሽ አለኝ» ማለት ነው። ከአንድ ድስት አራት ጊዜ የቀመሰ ሰው ስለዚያ ድስት በደንብ ያውቃል፤ ስለ ባለሙያዋ ለማወቅ ግን በሌላ ቀን የሠራችውን ሌላ ድስት መቅመስ አለበት። ድግግሞሽ ማለት ዝርያው በሌላ መደብ፣ በሌላ ብሎክ፣ በራሱ እጣ እንደገና መዘራቱ ነው። ዝርያው ከራሱ ጋር በምን ያህል እንደሚለያይ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ከሌላው ጋር ስላለው ልዩነት መናገር አይቻልም።

ስንት ድግግሞሽ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይከብዳል። በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ መደቦች ከአማካዩ 20 በመቶ ያህል የሚዋዥቁ ከሆነ፣ ይህም በዝናብ ላይ ለተመሠረተ ማሽላ እንግዳ ያልሆነ መጠን ነው፣ በአራት ድግግሞሽ የአንድ ዝርያ አማካይ 10 በመቶ፣ የሁለት ዝርያዎች ልዩነት ደግሞ 14 በመቶ ያህል ይወዛወዛል። በተለምዶው መስፈርት «ይለያያሉ» ለማለት ልዩነቱ የዚህን ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 28 በመቶ ያህል መድረስ ይኖርበታል። ነገር ግን አንድ አዲስ ዝርያ ከነባሩ በ10 በመቶ ቢበልጥ ትልቅ ድል ነው! በአንድ ቦታና በአንድ ዓመት የተደረገ የአራት ድግግሞሽ ሙከራ ይህን ድል ማየት አይችልም። ይህን መወዛወዝ በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ ድግግሞሹን በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። በሦስት ቦታ፣ ለሁለት ዓመት፣ በአራት ድግግሞሽ ሲዘራ ግን እያንዳንዱ ዝርያ 24 መደብ ያገኛል፤ የሚለየው ልዩነትም ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ዝርያዎች ከመለቀቃቸው በፊት በብዙ ጣቢያና ለብዙ ዓመት የሚፈተኑት ለቢሮክራሲ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ስሌት ቢያደርግ መልካም ነው።

መደቡ ራሱ ምን ይመስላል? ማሽላ በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት በረድፍ ሲዘራ፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ረድፎች 15 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለሚዛን የሚታጨዱት የመሐሉ ሁለት ረድፎች፣ 7.5 ካሬ ሜትር ብቻ ናቸው፤ የዳሮቹ ረድፎች ከጎረቤት መደብ ጋር ብርሃንና ውኃ ስለሚሻሙ ወይም ከባዶ መተላለፊያ ስለሚጠቀሙ ምስክርነታቸው አይታመንም። ከ7.5 ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ፍሬ ከተገኘ 40 ኩንታል በሄክታር ማለት ነው። እንግዲህ በሚዛን ላይ የተሳሳተች መቶ ግራም ብቻ በሄክታር 1.3 ኩንታል ሆና ትወጣለች። አንድ የማሽላ ራስ ከመደቡ ውጭ ወድቆ ቢቀር፣ ወይም የጎረቤቱ በነዶው ውስጥ ቢቀላቀል፣ በኮምፒውተር ላይ የምንጨነቅበት ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው። ለዚህ ነው በአጨዳ ቀን በየነዶው ላይ ሁለት መለያ ወረቀት፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ፣ የሚታሰረው።

የማሽላ መደቦች እርስ በርሳቸው የሚጎዳዱበት ሌላም መንገድ አለ። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ የሚዘሩት እንደ ደጋለትና ዠጉርቴ ያሉ ነባር ዝርያዎች ቁመታቸው ከሰው በላይ ነው፤ አጠገባቸው የተዘራ አጭር የተሻሻለ ዝርያ በጥላቸው ሥር ይውላል፣ በሙሉ ማሳ ቢዘራ ግን ጥላ የሚባል ነገር ባላገኘው ነበር። ወፉም እንዲሁ ነው። ፈጥኖ የሚደርሰው ዝርያ ሌላው ገና አረንጓዴ ሳለ ብቻውን ፍሬ ስለሚይዝ ግሪሳው ሁሉ በዚያች በጠባብ መደብ ላይ ያርፋል፤ ማማ ላይ የተቀመጠው ልጅ ወንጭፉን ቢያስጮኽም አይችለውም። ከዚያ በኋላ የሚመዘነው የዝርያው ምርት ሳይሆን ከወፍ የተረፈው ነው። ወተት በጉንጬ የሚባለው የወሎ ማሽላ ደግሞ በእሸትነቱ ስለሚጣፍጥ መንገድ ዳር ከተዘራ አላፊ አግዳሚውም ይካፈለዋል። መፍትሔው በቁመትና በመድረሻ ጊዜ የሚቀራረቡትን በአንድ ሙከራ ማሰባሰብ፣ ዙሪያውን ጠባቂ ረድፍ መዝራት፣ ቀድመው የሚያሸቱትን ራሶች በከረጢት መሸፈን ነው። እነዚህ ነገሮች የስሌት ጉዳይ አይመስሉም፤ ስሌቱ ግን «መደቦቹ አንዱ በሌላው ውጤት ውስጥ ገብተው አይፈተፍቱም» በሚል ግምት ላይ ቆሟልና ግምቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል።

እስካሁን ያወራነው ጥቂት ዝርያዎች ስላሉበት ሙከራ ነው። በማሻሻያ ሥራ መጀመሪያ ላይ ግን መቶ ወይም ሁለት መቶ መስመሮች፣ ማለትም ገና ዝርያ ተብለው ያልተለቀቁ እጩ ዘሮች፣ በእጃችን ይኖራሉ። ሁለት መቶ መደብ ያለው ብሎክ እርከኑን ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፤ ያን ጊዜ ብሎክ የሚለው ስም ብቻ ይቀራል። እዚያው ሮትሀምስተድ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቀረበው መፍትሔ ሁሉንም በማይዙ ትናንሽ ብሎኮች መሥራት ነው። እንደ ሠርግ ቤት ገበታ ልናስበው እንችላለን። 25 እንግዶች አሉ፤ በአንድ ገበታ አምስት ሰው ብቻ ይቀመጣል። በየዙሩ እያቀያየርን ብናስቀምጣቸው፣ እያንዳንዱ እንግዳ በአንድ ዙር አራት ሰዎች ያገኛል፤ በጥንቃቄ ከተደለደለም በስድስት ዙር 24ቱንም ሌሎች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ አብሯቸው በልቶ ይጨርሳል። ገበታው ትንሹ ብሎክ፣ ዙሩ ድግግሞሹ ነው። ስድስት ድግግሞሽ ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንጠቀማለን፤ ያን ጊዜ ሁሉም ከሁሉም ጋር አይገናኝም፣ ነገር ግን «እኔ የማውቀው እሱን ያውቀዋል» በሚል ሰንሰለት ይወዳደራሉ። የዬትስ ድልድል የዝርያዎቹ ቁጥር እንደ 25፣ 36 ወይም 49 እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ፓተርሰንና ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት አልፋ የተባለው ንድፍ ይህን ግዴታ ስላላላው ዛሬ በብዛት የሚታየው እሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ለድግግሞሽ የሚበቃ ዘር እንኳ የለም፤ ከአንድ ራስ የተገኘ እፍኝ ዘር ብቻ ነው ያለው። ለዚህ አሜሪካዊው ዋልተር ፌዴረር እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረበው ንድፍ አዲሶቹን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየዘራ ጥቂት የታወቁ ማነጻጸሪያ ዝርያዎችን በየብሎኩ ይደጋግማል። 120 ከገበሬ የተሰበሰቡ የማሽላ ናሙናዎችና 4 ማነጻጸሪያዎች ቢኖሩን፣ በስምንት ብሎክ እያንዳንዳቸው 15 አዲስና 4 ማነጻጸሪያ አድርገን በ152 መደብ እንጨርሳለን። ማነጻጸሪያዎቹ በአንድ ብሎክ ከአጠቃላይ አማካያቸው በ5 ኩንታል ከበለጡ፣ ብሎኩ ለም ነውና በዚያ ካረፉት አዲሶች ላይ 5 ኩንታል ይቀነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ተመራማሪዎችን ያሳዘነ አንድ ነገር አለ። ከ120 ናሙና አንደኛ የወጣው፣ በሚቀጥለው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ አይሆንም። ዘሩ ተበላሽቶ ወይም አየሩ ከፍቶ አይደለም፤ አንደኛ ለመውጣት ጥሩ ዘርም ጥሩ ዕድልም አንድ ላይ ያስፈልጉ ስለነበር ነው፣ ዕድሉ ደግሞ አብሮት ወደ ሌላ መደብ አይሄድም። በመደቦቹ መካከል ከታየው ልዩነት ግማሹ ብቻ ከዘር የመጣ ከሆነ፣ ከአማካዩ በ10 ኩንታል የበለጠ ናሙና በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠበቅበት ብልጫ 5 ኩንታል ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፈተና አንዱን ብቻ ሳይሆን ሃያ ሠላሳውን ይዞ መቀጠል ይገባል። ሁሉንም ጥንድ በጥንድ እያስተያዩ «ይሄ ከዚያ ይበልጣል» ማለትም አደገኛ ነው፤ 25 ዝርያዎች 300 ጥንድ አላቸው፤ ሁሉም በእውነት እኩል ቢሆኑ እንኳ ከሃያ አንዱ በአጋጣሚ ስለሚለይ 15 ያህል ጥንዶች የተለያዩ መስለው ይወጣሉ።

ቦታና ወቅት በድግግሞሽ አይተኩም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናቸው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚያደርሰው አጭር መንገድ የሰብሉን ዓለም ይለውጠዋል። ደሴ ዙሪያ በገብስና በስንዴ ያሸነፈ ዝርያ እታች ምን እንደሚሆን እዚያው መቶ ጊዜ ቢደጋግሙት አይታወቅም። በአውስትራሊያ ፊንሌይና ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1963 በ277 የገብስ ዝርያዎች ላይ ባወጡት ሥራ፣ በደካማ ቦታ ተሽለው የተገኙት በለም ቦታ የግድ የሚሻሉት እንዳልሆኑ አሳይተዋል። የመጨረሻው የማረጋገጫ ሙከራ በጣቢያም በገበሬ ማሳም በ10 ሜትር በ10 ሜትር መደብ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ የገበሬ ማሳ እንደ አንድ ድግግሞሽ ይቆጠራል።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው የበልግ ጉዳይ ነው። ደጋለትን የመሰለ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያ ይዘራል፤ በልጉ ሲቀር ገበሬው በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ይዘራል። እነዚህን ሁለቱን በሐምሌ አንድ ላይ ዘርቶ «የተሻሻለው አሸነፈ» ማለት ነባሩን በማያውቀው ጨዋታ መርታት ነው። እያንዳንዱን በየጊዜው ዘርቶ ማወዳደርም የዘር ቀንና ዝርያ አንድ ላይ ተቋጥረው ይመጣሉ ማለት ነው፤ ግን ጥያቄው «ለገበሬው የትኛው አሠራር ይጠቅመዋል?» ከሆነ ይህ ትክክለኛው ንድፍ ነው። ጥያቄው «በልግ ሲቀር ምን እንዝራ?» ከሆነ ደግሞ ሁሉም በሐምሌ ይዘሩ። ንድፉ ጥያቄውን መከተል አለበት፤ ጥያቄውን ሳይወስኑ መደብ የቀየሱ ሰዎች በኋላ ያገኙት ቁጥር የምን መልስ እንደሆነ ሲያጡ አይቻለሁ። ለከብቱ አገዳው ከፍሬው እኩል የሚፈለግበት ቤትም ብዙ ነውና፣ አገዳው ካልተመዘነ ውድድሩ ጎዶሎ ነው።

አቀንጭራ፣ ማለትም ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጠው ጥገኛ አረም፣ ያለበት ማሳ የራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። የአቀንጭራ ዘር ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ይቆያል፣ በማሳውም ውስጥ በጉብታ በጉብታ እንጂ እኩል አይበተንም። ስለዚህ አንድ ዝርያ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ተቋቁሞት ይሁን ወይስ መደቡ ውስጥ ዘሩ ስላልነበረ አይታወቅም። መድኃኒቱ የአቀንጭራ ዘር በመጠን እየለኩ በየመደቡ መጨመርና በየተፈታኙ አጠገብ በቀላሉ የሚጠቃ ዝርያ መዝራት ነው፤ ተጠቂው ንጹሕ ከሆነ የተፈታኙ ንጽሕናም ምስክር አይሆንም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያስገኘላቸው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ፣ በአገራችንም ጎብዬና አብሽር በሚል ስም ተለቋል።

የማሳው ካርታ በወረቀት ላይ ተሠርቶ መቀመጥ አለበት፤ ተዳፋቱ፣ ካቡ፣ የዛፉ ጥላ፣ ረድፍና ዓምዱ ተጽፎ። ዛሬ ያሉት የስሌት ዘዴዎች ጎረቤት መደቦች መመሳሰላቸውን ተጠቅመው የመሬቱን ውጣ ውረድ ያርማሉ፤ የሚያርሙት ግን መደቡ የት እንደነበር ካወቁ ብቻ ነው። ተሰብሮ የወደቀ ችካል ሳይመዘገብ ቢቀር ይህ ሁሉ ይጠፋል።

በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ዜሮና ሰረዝም አንድ አይደሉም። ዝርያው በበሽታ ወይም በድርቅ ጠፍቶ ምንም ካልሰጠ ዜሮ ይጻፋል፤ ያ የዝርያው የራሱ መልስ ነው። ሌሊት በሬ ገብቶ መደቡን ከበላው ሰረዝ ይጻፍና በአጠገቡ «በሬ በላው» ተብሎ ቀኑ ይመዘገባል። ባለፈው ዘመን አንድ መዝገብ ስመለከት ከአራት ድግግሞሽ በአንዱ ዜሮ የተጻፈለት ዝርያ አገኘሁ፤ በሌሎቹ ሦስቱ 36፣ 39 እና 42 ኩንታል ሰጥቶ ነበር። አማካዩ 39 መሆን ሲገባው 29 ተብሎ ተጽፎ፣ ዝርያው ከምርጫው ወጥቷል። ዜሮው የምን እንደሆነ የሚያውቀው የማሳው ጠባቂ ነበር፤ እሱን ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።